ሰባ አንድ ሲቀነስ

ሰኞ፣ ሰኔ 1

ይህን ደብተር የሰጠችኝ እህቴ ናት። «ለሐኪም አልናገርም ካልሽ ለወረቀት ተናገሪ» ብላ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችልኝ። የደከመኝን፣ የጠማኝን፣ እንቅልፍ ያጣሁበትን ቀን በቀን እንድጽፍ ነው ሐሳቧ። ታላቄ ስለሆነች ሃምሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ስታዘኝ ኖራለች፤ ይህንንም እሺ ብያለሁ። ግን ስለ ድካም የምጽፈው የለኝም። ሥራ የሚሠራ ሰው ይደክመዋል፤ አለቀ።

ስለ ሥራው ልጻፍ። ዛሬ ክሊኒካችን የአዛውንቶቹን ምርመራ ጀመረ። ዶክተሩ ያመጣው ነገር ነው። ሰባት ዓመት ያለፋቸው ውሾችና ድመቶች ክረምቱን ሙሉ እየመጡ ይታያሉ፦ ክብደት፣ ጥርስ፣ ዓይን፣ ልብ፣ ደም፣ ሽንት። ችግር የተገኘበት በየሁለት ሳምንቱ ይመለሳል። በሩ ላይ የለጠፈው ወረቀት «ያረጀ እንስሳ ሲያመው አይናገርም፤ እርስዎ ይዩለት» ይላል። ሬዲዮ አንብባ ስትጨርስ «እኛንም ይጨምራል ወይ ዶክተር?» አለችው። ሬዲዮ እንግዳ መቀበያው ላይ የምትሠራው ናት፤ ከገባች እስክትወጣ ስለማትዘጋ ስሙ ወጣላት፤ እሷም ወዳዋለች።

ድመቶቹን ጠረጴዛው ላይ ባለው ትንሽ ሚዛን እንመዝናለን። ውሾቹን ወለሉ ላይ ባለው ትልቁ። ትልቁ ሲረገጥ ወዝወዝ ይላል። ደፋር ውሻ ቆሞ ይመዘናል፤ ፈሪው ግን አራት እግሩን ይተክልና ቢጎትቱት አይወጣም። ለፈሪዎቹ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁበት ዘዴ አለኝ፦ አቅፌው እወጣለሁ፣ የሁለታችንን አነባለሁ፣ የራሴን እቀንሳለሁ። ዛሬ ጠዋት ራሴን መዘንኩ፤ ሰባ አንድ። በእያንዳንዱ ውሻ እንደገና ራሴን ስመዝን መዋል ስለማልችል ከሚዛኑ በላይ ግድግዳው ላይ በማርከር «እኔ = 71» ብዬ ጻፍኩ። አሥር ዓመት ሙሉ ሰባ አንድ ነኝ። የትም አልሄድም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 2

ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ውሻቸውን ይዘው መጡ። ውሻው አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ቡናማ፣ አንድ ጆሮው የተቀደደ። ስሙ ፍሬን ነው። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው፣

«አርባ ዓመት ስነዳ የሚያቆመኝ ጠፍቶ ነበር። ይኼ ግን በሩ ላይ ከተጋደመ ተራምጄው አልወጣም» አሉ።

ፍሬን ሚዛኑን ሲያይ ጭራው ሆዱ ሥር ገባ። አቀፍኩት። ዘጠና። ሲቀነስ ሰባ አንድ፣ አሥራ ዘጠኝ። ዶክተሩ ደረቱን ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ልቡ ደክሟል፤ ሳንባው ውስጥ ውሃ ይዟል፤ ማታ ማታ የሚያስለው ለዚያ ነው። ውሃውን የሚያስወጣ ክኒን ታዘዘለት፣ በቀን ሁለት።

ሹፌሩ ኮፍያቸውን እጃቸው ላይ እያዞሩ «ይኖራል ወይ?» አሉ። «ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ እዚያ ቤት የሚተነፍሰው እኔና እሱ ነን።»

«ክኒኑ በክብደቱ ልክ ከሆነ ይኖራል፣ ጋሼ» አለ ዶክተሩ። «ከበዛ ኩላሊቱን ይጎዳል፤ ካነሰ በራሱ ውሃ ይታፈናል። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ እንመዝነዋለን።»

ወደ እኔ እያየ ነው የተናገረው። መመዘኑ የእኔ ነው።

አርብ፣ ሰኔ 5

አሥራ አንድ ውሻ፣ ሰባት ድመት። ምሳ ቆሜ። ወገቤ ቁርጥ ብሏል። የመቀበያውን የውሃ ማሰሮ ብቻዬን ጨረስኩት። ሬዲዮ «እትዬ፣ ግመል ነሽ እንዴ?» አለችኝ። ለባለቤቶቹ ስለፈልፍ ስለምውል ነው። ጉሮሮ ይደርቃል።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 9

እሜቴን አየናት። እሜቴ የልብስ ሰፊዋ ድመት ናት፤ አሥራ ሦስት ዓመቷ፣ ነጭ፣ ማንንም የማታከብር። አምና አምስት ኪሎ ነበረች፣ ዘንድሮ ሦስት ተኩል። ደሟ ውስጥ ስኳሩ ጣሪያ ነክቷል።

ልብስ ሰፊዋ «በደንብ ትበላለች እኮ!» አለች። «እንዲያውም ከድሮው በላይ። ስለምትበላ ደህና ናት ብዬ ነው።»

ምልክቶቹን አንድ በአንድ ነገርኳት። ውሃ ያበዛሉ፣ ሽንት ያበዛሉ፣ እየበሉ ይከሳሉ፣ ይተኛሉ። ትንሽም ቆጣ አልኩባት መሰለኝ። አብራችሁ እየኖራችሁ፣ በየቀኑ እያያችኋት፣ እንዴት ይህን ሁሉ ጊዜ አይታያችሁም አልኳት። ሴትየዋ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ጸጸተኝ፤ መሃል ላይ ውሃ ልጠጣ ወጥቼ ስመለስ ይቅርታ ጠየቅኳት። ጠባዬ ሰሞኑን ልክ አይደለም። ሁለት ጊዜ ሌሊት እየተነሳሁ እንቅልፌ ተቆራርጧል፤ ከዚያ ነው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 16

ፍሬን ተመለሰ። ሳሉ ጋብ ብሏል። ነገር ግን ከእኔ ጋር ሰማንያ ስምንት ከስድስት። አሥራ ሰባት ከስድስት ማለት ነው። ከአንድ ኪሎ በላይ ወርዷል።

«ከስቷል?» አሉ ሹፌሩ። «እግሬ ላይ ሲተኛ እንደ ድሮው ነው የሚያደነዝዘኝ።»

«ሚዛን አይዋሽም፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ዶክተሩ ጎኑን ዳበሰው። ጠጉሩ ወፍራም ነው፤ እጅ ብዙ አይነግርም። ክኒኑን ወደ አንድ ተኩል አወረደው። ኩላሊቱን እንጠብቅለት አለ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 18

የፀጉር አስተካካዩ ውሻም ቀንሷል። የአዳሪ ትምህርት ቤቱ ዘበኛ ይዘዋት የመጡት ጥቁሯም እንደዚያው። ጉድ ነው። ካርዶቹ ላይ ቀይ ቀስት ወደ ታች፣ ወደ ታች እያልኩ ስስል ዋልኩ።

ጉርድ ቀሚሴ ወገቤ ላይ ይሽከረከራል። ላስቲኩ ሞቷል። የዘንድሮ ላስቲክ!

ረቡዕ፣ ሰኔ 24

እህቴ ራት ላይ «ምን ጻፍሽ?» አለችኝ። ስለ ውሾች አልኳት። ሹካዋን አስቀመጠች።

«እናታችንም መጀመሪያ ውሃ ውሃ ነበር የምትለው።»

«እኔ እናታችን አይደለሁም።»

«አንድ ጣት መወጋት ነው። ትንኝ ከነከሰሽ አይብስም። አብሬሽ እሄዳለሁ።»

«የአዛውንቶቹ ምርመራ ይለቅና።»

«አንቺ የማንን አዛውንት ነው የምትመረምሪው?» ብላ ተነሳች። ሳህኖቹን በቁጣ ስታጥብ ይሰማኛል። ከሷ ጋር መከራከር አልፈልግም፤ ልክ ስትሆን አትቻልም፣ ስትሳሳትም አትቻልም።

እናታችን እግሯ ላይ የወጣችው ቁስል የምስር ፍሬ አታህልም ነበር። ፋሻዋን የምቀይርላት እኔ ነበርኩ፤ ሰውም እንስሳም ያው ነው ብለው ለእኔ ሰጡኝ። መጀመሪያ አውራ ጣቷ ሄደ። ከዚያ

ይህን አልጽፍም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 30

ፍሬን፦ ሰማንያ ስድስት ከዘጠኝ። አሥራ አምስት ከዘጠኝ። ከጀመርን ሦስት ኪሎ ወርዷል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እንደታቀፈ አገጬን ላሰኝ።

ዶክተሩ ካርዱን ደግሞ አየው። ክኒኑ አንድ ሆነ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ካርድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋን። አንድ ነገር ታየን። ዝሆን፣ የሥጋ ቤቱ ትልቅ ውሻ፣ በራሱ እግር ነው ሚዛን ላይ የሚወጣው፤ አርባ አንድ ኪሎ ነበር፣ ዛሬም አርባ አንድ ነው። ደፋሮቹ ሁሉ እንደነበሩ ናቸው። የሚከሱት የማቅፋቸው ፈሪዎቹ ናቸው።

«ፍርሃት ነው» አለ ዶክተሩ። «ፈሪ ውሻ ሲያረጅ ውስጡን ይበላዋል። እዚህ መመላለሱ ራሱ እየጎዳቸው ይሆናል።»

ሬዲዮ «እኔ ፈሪ ነኝ፣ እስካሁን ግን አንድ ኪሎ አልቀነስኩም» አለች። ሳቅን። እኔ ግን የዶክተሩ ነገር አሳመነኝ። ፈሪዎችን አውቃለሁ፤ የሚፈሩትን ነገር እያወቁ ፊታቸውን ያዞራሉ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 6

ዶክተሩ ሚዛኑን ተጠራጠረ። አሥራ አምስት ኪሎ የሚል ያልተከፈተ የመኖ ከረጢት አምጥተን ጫንንበት። አሥራ አምስት። ሁለት ከረጢት። ሠላሳ። ሚዛኑ ደህና ነው።

ስለዚህ በሽታ ነው ማለት ነው። ዓይነ ምድር ወደ ላቦራቶሪ ተላከ፣ ከአራት ውሾች። ዶክተሩ ሰሞኑን ፊቱ ጠቁሯል። የራሱ ሐሳብ ስለነበር ይመስለኛል፤ ለእርጅና ብሎ የጠራቸው በእጁ ላይ እያለቁበት ነው።

አርብ፣ ሐምሌ 10

መርፌው ላይ ያሉትን ቁጥሮች ማንበብ አቃተኝ። ሬዲዮ አነበበችልኝ። መነጽር መቀየር አለብኝ። ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ አረፍኩ፤ አሥራ አራት ደረጃ ናት።

ልብስ ሰፊዋ እሜቴን አምጥታ ነበር። መርፌ መስጠቱን ለምዳዋለች፤ ድመቷ አገግማ መቧጨር ጀምራለች። ስትወጣ የጋዋኔን ወገብ በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ «ሲስተር፣ ከስተሻል። ላጥብብልሽ?» አለችኝ።

«ታጥቦ ሰፍቶ ነው» አልኳት።

«ታጥቦ የሚሰፋ ጨርቅ አይቼ አላውቅም» አለች። ሥራዋ ስለሆነ አልተከራከርኳትም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 14

ፍሬን፦ ሰማንያ ስድስት ከአንድ። አሥራ አምስት ከአንድ።

ሳሉ ተመልሷል። ሹፌሩ ፊታቸው አብጧል፤ ውሻው ተኝቶ ስለማይተነፍስ ቁጭ ብሎ ነው የሚያድረው፣ እሳቸውም አብረውት ቁጭ ብለው። «ዶክተር፣ ክኒኑን ብንጨምርለትስ?» አሉ።

«ሰውነቱ እየቀለለ ክኒኑን መጨመር አልችልም፣ ጋሼ። እንዲህ በፍጥነት የሚያከሳ ነገር…» ዶክተሩ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

«ጨርሰው።»

«ሌላ ቦታ ዕጢ ሊኖር ይችላል። ራጅ እናነሳዋለን፣ ሳምንት።»

ሽማግሌው ኮፍያቸውን አጠለቁ። ውሻውን ከመሬት አንስተው ሊሸከሙት ሲሉ «እኔ ላይ ግን አልቀለለም» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። ሰምቻቸዋለሁ። ሰው የሚወደው ነገር እያለቀ ሲሄድ አይታየውም ብዬ በሆዴ አዘንኩላቸው።

ሰኞ፣ ሐምሌ 20

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ፍሬንን ተሸክመው ገቡ። ድዱ ወደ ሰማያዊ ሄዷል። አንገቱን ዘርግቶ፣ አፉን ከፍቶ። ኦክስጅን። መርፌ። ዶክተሩ ለነፍስ ብሎ መጠኑን ሳይመዝን ወጋው። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ወለሉ ሙሉ ሽንት ሆነ፤ እንዲህ ያስደሰተኝ ሽንት የለም። ትንፋሹ ተመለሰ። ዛሬ እዚሁ ይውላል፣ ያድራል።

ሹፌሩ ከሳጥኑ አጠገብ ወንበር ላይ ናቸው። እንቢ፣ አልሄድም።

እጄ ይንቀጠቀጣል። ምሳ አልበላሁም፣ ከዚያ ነው።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 21

ቀስ ብዬ ልጻፈው። አራት ጊዜ ጀምሬ ሰረዝኩ።

ጠዋት ዶክተሩ ቀጣዩን ክኒን ለመወሰን ፍሬንን መዝኑልኝ አለ። አቀፍኩት፣ ወጣሁ። ሰማንያ አራት ከስምንት። ጮክ ብዬ «አሥራ ሦስት ከስምንት» አልኩ። ዶክተሩ እጁን ፊቱ ላይ አደረገ።

ሹፌሩ ከወንበራቸው ተነሱ። መነጽራቸውን አድርገው ግድግዳውን እያነበቡ ነበር።

«ይኼ ሰባ አንድ ምንድን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ። የራሴ ክብደት። ከሁለታችን ላይ እሱን እቀንሳለሁ።»

«ገባኝ። ከነጭነቱ ሲቀነስ ባዶው።» ወደ እኔ ዞሩ። «ባዶሽን መቼ ነው የተመዘንሽው?»

«ሰኔ አንድ።»

«ሰኔ አንድ!» አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «እኔ እህል ስጭን መኪናዬ ሚዛን ላይ ሁለቴ ትወጣ ነበር፤ ስትገባ ባዶዋን፣ ስትወጣ ከነጭነቷ። በየጉዞው። ትናንት ተመዝናለች ብትል ሚዛን ጠባቂው ይስቅብሃል። ጎማ ቀይረህ ይሆናላ፣ ነዳጅ ጨርሰህ ይሆናላ። መኪና ያው መኪና አይደለም።» ከዚያ ውሻቸውን ከእቅፌ ተቀበሉኝና «ነይ፣ ባዶሽን ውጪ» አሉኝ።

ወጣሁ።

ስልሳ አምስት ከሦስት።

እንደገና ውረጅ፣ ውጪ አለኝ ዶክተሩ፤ አንቺ ሲለኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። ስልሳ አምስት ከሦስት። ቁጥሩን አየሁ፣ ግድግዳውን አየሁ። ሰማንያ አራት ከስምንት ሲቀነስ ስልሳ አምስት ከሦስት፣ አሥራ ዘጠኝ ተኩል። ፍሬን አንድም ቀን አልከሳም። ክረምቱን ሙሉ አሥራ ዘጠኝ ነበር፣ እንዲያውም ውሃ ሲይዝ ጨምሯል፤ እኛ ግን የአሥራ አምስት ኪሎ ውሻ ክኒን እየሰጠን በራሱ ውሃ ስናሰጥመው ከረምን። ባለቤቱ ሁለት ጊዜ ነገሩኝ። እግሬ ላይ አልቀለለም አሉኝ። እኔ ሚዛን አይዋሽም አልኳቸው። ሚዛኑማ አልዋሸም።

መሬቱ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ይቅርታ አልኳቸው፤ ይቅርታው ራሱ አሳፈረኝ። ዶክተሩ «እኔም በእጄ ዳስሼዋለሁ። እጄ የነገረኝን ትቼ ካርዱን አመንኩ» አለ። ክኒኑን ወደ ሁለት መለሰው። የዕጢውን ነገር ከካርዱ ላይ ሰረዘ። የአራቱንም ፈሪዎች ካርድ አውጥተን ሠራናቸው፤ ሁሉም ደህና ናቸው፣ ሁሉም እንደነበሩ ናቸው።

ሹፌሩ ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ብሰደብ ይሻለኝ ነበር። ውሻቸውን እያሻሹ ቆይተው፣

«እሺ፣ እሱ አልከሳም» አሉ። «አምስት ኪሎ ከሰባት መቶ ግን ጠፍቷል። ከማን ላይ ነው የጠፋው?»

ካርዶች ማስተካከል አለብኝ ብዬ ወጣሁ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 22

ለባለቤቶቹ ሁሉ ራሴ ደወልኩ። የፀጉር አስተካካዩ ሳቀ፣ «ተመስገን፣ ለቅሶ ልጀምር ነበር» አለ። ዘበኛው ግን «ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ ልጄ» አሉ። የሳቸው ባሰብኝ።

ፍሬን ወደ ቤቱ ሄደ። ዶክተሩን በር ላይ ይዤ ምን ያህል ጎዳነው አልኩት። ልቡ ያለ አግባብ አምስት ሳምንት ሠርቷል፤ ምናልባት ወራት ወሰድንበት፣ ምናልባት ምንም። «ይህን ማወቅ አንችልም፣ ሲስተር» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ ሳያየኝ «እሜቴን ያስታውሷታል?» አለኝ። አስታውሳታለሁ አልኩ። «እየበሉ ይከሳሉ» አለ። የራሴን ንግግር ነው የደገመልኝ። «አንቺ» ማለቱንም ትቶ ወደ «እርስዎ» ተመልሷል።

ግድግዳውን በአልኮል አጠብኩት። ማርከሩ በደንብ አልለቀቀም፤ ሰባቱ ይታያል።

ለእህቴ አልነገርኳትም።

ሰኞ፣ ሐምሌ 27

አሁን በእያንዳንዱ ፈሪ ውሻ ሁለቴ እወጣለሁ። መጀመሪያ ባዶዬን። ቁጥሩን ካርዱ ላይ መጻፍ ስላለብኝ በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ አየዋለሁ። 64.9። 64.9። ከምሳ በኋላ 65.2። ሬዲዮ ከመቀበያው ሆና ታየኛለች፣ ቀልድ የለም፣ ወሬ የለም። ዝም ስትል ቢሮው ሰፊ ይሆናል።

መሄድ አለብኝ። አውቃለሁ። ለሰኞ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 4

አልሄድኩም። ዝናብ ነበር።

እውነቱን እዚህ ላይ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው ነው። ዝናብ አይደለም። ጣቴ መወጋቱን አልፈራሁም፤ በሕይወቴ ስንት ጊዜ ተነክሻለሁ። የምፈራው ከተወጋ በኋላ ያለችውን ደቂቃ ነው፣ መርማሪዋ መሣሪያውን እያየች የምትቆምበትን። እናታችን ከዚያች ደቂቃ ስትወጣ ሌላ ሰው ሆና ነው የወጣችው። ሁልጊዜ እግሯን የምታይ ሰው። እኔም ለስድስት ዓመት ፋሻውን ስፈታ መጀመሪያ ዓይኔን ጨፍኜ፣ አሽትቼ፣ ከዚያ ነበር የማየው። ሲሸት አውቀው ነበር። ካላየሁት ግን አንድ ትንፋሽ ያህል እንዳልመጣ ነው። ክረምቱን ሙሉ እንደዚያ ነው የኖርኩት፣ አንድ ትንፋሽ፣ አንድ ትንፋሽ እያልኩ። ከዚህም ብሶ ያን ትንፋሽ ከአንድ ሽማግሌ ውሻ ላይ ነው የወሰድኩት። ቀድሜ ታይቼ ቢሆን ግድግዳው ላይ ያለው ቁጥር ያን ጊዜውኑ ይስተካከል ነበር።

ለእህቴ ማታ ነገርኳት፣ ሁሉንም። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። አጠገቤ ቁጭ ብላ እጄን ያዘችና «እኔም አልታየሁም» አለች። «እኔም ፈርቼ ነው። አንቺ ከሄድሽ እሄዳለሁ ብዬ ነው የምገፋሽ።»

ሁለት አሮጊቶች ሳሎን ውስጥ እየተያየን ቀረን።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 5

የፍሬን ቀን ነበር። ሹፌሩ በራፉ ላይ ቆሙ፤ አልገባም አሉ። ፍሬን በእግሩ ቆሟል፣ ጭራው እየተወዛወዘ። አንድ ጊዜ አሳለው፣ አንድ ጊዜ ብቻ።

«ይግባና እንመዝነው እንጂ፣ ጋሼ።»

«አይመዘንም።»

«ክኒኑ በልኩ መሆን አለበት እኮ።»

«አንቺ ካልተመዘንሽ እሱም አይመዘንም። ባልታወቀ ባዶ የታወቀ ጭነት የለም።» ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፉት። «ጤና ጣቢያው ሁለት መንገድ አልፎ ነው። እኔ እነዳ የነበረው ከአገር ጫፍ እስከ ጫፍ ነው፤ ሁለት መንገድ ላደርስሽ አያቅተኝም። በእግራችን።»

ዶክተሩን ዞሬ አየሁት። ጋዋኔን እንዳወልቅ እጁን ዘርግቶ ጠበቀኝ። ሬዲዮ ቦርሳዬን ቀድማ አምጥታለች። ተማክረዋል፣ ሁሉም፣ እህቴም ጭምር፤ ምክንያቱም ጤና ጣቢያው በር ላይ ዣንጥላዋን ይዛ ቆማ አገኘናት። ሹፌሩን አይታ «እርስዎ ነዎት የደወሉልኝ?» አለች። ሬዲዮ ናት ያስደወለቻቸው።

ውሻ አይገባም ተባለ። ሹፌሩና ፍሬን ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ውሻው እግራቸው ላይ ተጋደመ፣ በሩ መሃል፤ ሰው ሁሉ ተራምዶት ያልፋል። ብመለስ እኔም ተራምጄው ማለፍ ይኖርብኛል ብዬ አሰብኩ።

ክፍሉ እንደኛው ነው፤ ያው የአልኮል ሽታ፣ ያው ነጭ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ሚዛን። ነርሷ ልጅ እግር ናት፤ ልጄ ብትሆን አይገርምም። ካርድ አወጣች። ዕድሜዬን ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ከቤተሰብ ስኳር ያለበት አለ ወይ አለችኝ። እናቴ አልኩ። ብዕሯን ሳታነሳ፣

«ክብደትሽን ታውቂዋለሽ፣ እናቴ?»

ሰባ አንድ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ከምላሴ ጫፍ መለስኩት።

«አላውቀውም» አልኳት። «መዝኚኝ።»

ጫማዬን አውልቄ ወጣሁ። ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቅፌዋለሁ፤ እስከ ሰሞኑ ድረስ ሃያ ስድስት ዓመት ባዶ እጄን ሚዛን ላይ ብዙ ቆሜ አላውቅም። «ቦርሳውን ለእህትሽ ስጪያት» አለችኝ ልጅቷ። ሰጠኋት። እጆቼን የት እንደማደርጋቸው ጠፍቶኝ ቆምኩ፤ ከዚያ ወደ ቁጥሩ ጎንበስ ብዬ አየሁ።